የ1972 ኮርቬት ሲሞቅ አልነሳ ይላል፤ ሞተሪኖውን ማውረድና መቀየር

#1 ቮላኖ72

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1972 ኮርቬት ናት። ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች (5.7 ሊትር)፣ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ ማኑዋል፣ ማቀጣጠያዋ የፋብሪካው ባለ ፕላቲን (ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መገናኛ ያለው) ነው።

ቀዝቃዛ ስትሆን ቁልፍ እንደዞረ ትነሳለች። ረጅም መንገድ ተነድታ ስትጠፋ ግን ሌላ ነው። ቁልፉን ሳዞር አንዴ "ቀጭ" ብላ ዝም ትላለች፣ ወይም ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ከብዶት እያቃሰተ ሞተሩን በዝግታ ያዞረዋል። ቆማ ከቀዘቀዘች በኋላ እንደገና ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ባትሪው አዲስ ነው፣ የባትሪው ፖሎችም ንጹሕ ናቸው።

ሞተሪኖውን አውርጄ መቀየር እፈልጋለሁ። ከላይ ነው ወይስ ከስር የሚወጣው? የጭስ ማውጫውን ቱቦ ማውረድ ግድ ነው? አዲሱን ስገጥም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ሰርታችሁ የምታውቁ ብትነግሩኝ።

#2 ጋሽ_ካቻቢቴ

ሰላም ልጄ። የሚወጣው ከስር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ወደ ፊት ስታይ በቀኝ በኩል፣ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ካለው ባለ ጥርስ ከባድ ጎማ) አጠገብ ታገኘዋለህ። ከታች ወደ ላይ የሚገቡ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከሞተሩ ብሎክ ጋር ያስሩታል። ፋብሪካው በገጠመው የጭስ ማውጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቱቦውን ሳትነካ ይወጣል።

ነገር ግን ገና አታውርደው። ይህን ስል ከብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ "ሞተሪኖ ተበላሽቷል" ተብሎ ከሚወርደው ውስጥ ስንቱ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተሽ ደህና ሆኖ ይገኛል። የአንተ መኪና ደግሞ ሽቦዋን እንድትጠረጥር የሚያስገድዱ ሁለት ጠባዮች አሏት።

አንደኛ፣ ከ1968 እስከ 1982 የተሰሩት ኮርቬቶች ባትሪያቸው ኮፈን ስር አይደለም። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። ወፍራሙ ቀይ ኬብል ከዚያ ተነስቶ በቻሲው ስር እስከ ሞተሪኖው ድረስ ይጓዛል። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይም ለጭስ ማውጫው ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ቦዲዋ ፋይበር ግላስ ነው። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ) የምታገኘው በቻሲው ብቻ ነው፣ ሞተሩም ከቻሲው ጋር የተያያዘበት የማሳ ገመድ ጤነኛ መሆን አለበት። እሱ ከዛገ ወይም ሞተር ሲወርድ ሲወጣ ተረስቶ ከቀረ፣ አዲስ ሞተሪኖም ብትገጥም ያው "ቀጭ" ነው።

መጀመሪያ ለካ። ከዚያ ብሎኑን እንፈታለን።

#3 ሽቦ_አዋቂ

ጋሼ እንዳሉት። አለካኩን ልጻፍልህ ቮላኖ72፣ አንድ መልቲሜትርና ቁልፍ የሚያዞርልህ ሰው ይበቃል።

ሞተሩ እንዳይነሳ ከኮይሉ (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው) ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ንቀልና በአጭር ሽቦ ከማሳ ጋር አገናኘው። እንዲሁ ክፍት አትተወው፤ ብልጭታው መውጫ ሲያጣ ኮይሉን ይጎዳል። ማርሹን ባዶ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ችግሩ የሚታየው ሲሞቅ ስለሆነ መለካት ያለብህም መኪናዋ ነድተህ ከመጣህ በኋላ ነው፣ በቀዝቃዛው የምታገኘው ቁጥር ብዙ አይነግርህም።

ሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። ቁልፍ ሲዞር እነዚህን ሦስት ቦታዎች አንብብ። የባትሪው ሁለት ፖሎች መካከል፤ 12.6 አካባቢ የነበረው ሲያዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ከባትሪው ፖዘቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን፤ እዚህ የምታነበው የጠፋውን ቮልት ነው፣ ከ0.5 ካለፈ ኬብሉ ጥፋተኛ ነው። በመጨረሻ ከባትሪው ኔጌቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው ቆዳ (የውጭው ብረት)፤ 0.2 ወይም 0.3 እሺ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የማሳው መንገድ ታሟል።

ኬብሉን ፈትተህ በኦም አትለካው። ዋናው የሚሸሸገው እዚያ ላይ ነው። ከመቶ ሽቦ አምስቱ ብቻ ያልተበጠሱበት ኬብል እንኳ በኦም "ደህና ነኝ" ይልሃል፤ 150 አምፔር ሲያልፍበት ግን ጉዱ ይወጣል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሪኖው ላይ ያለው ትልቁ ብሎን ቁልፍ ቢጠፋም ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት፣ መንገዱ ላይም ፊውዝ የለም። ስትለካ የሜትሩ ጫፍ ብሎኑንና ቻሲውን አንድ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቅ።

#4 ቮላኖ72

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በሙቀቷ ለክቻለሁ። ባትሪው ላይ ሲያዞር 10.7። በማሳው በኩል 0.2። በፖዘቲቩ ኬብል ላይ ግን 1.1 ነው ያሳየኝ። ደጋግሜ ለክቼዋለሁ፣ ያው ነው።

#5 ሽቦ_አዋቂ

በቃ፣ አንዱን ሌባ ይዘኸዋል። 1.1 ቮልት በ150 አምፔር ስታባዛው 165 ዋት ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ኬብሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሞተሪኖው አያገኘውም።

አዲሱ ኬብል ከነባሩ ያልቀጠነ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የሆነውን ተወው። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት በመጭመቂያ መሳሪያ በደንብ የተጨመቀ ይሁን፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አይሁን። መስመሩን ፋብሪካው በሰራው መንገድ አስኪደው፣ የነበሩትን መያዣዎች ሁሉ መልሰህ ግጠም። ከጭስ ማውጫው የሚያርቁት እነሱ ናቸው።

#6 ቮላኖ72

ኬብሉ ተቀይሯል። አሮጌውን በሞተሪኖው በኩል ላስቲኩን ሰንጥቄ አየሁት፤ ከቀለበቱ ጀምሮ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሽቦው አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። ከውጭ ግን ላስቲኩ አዲስ ይመስል ነበር።

አሁን 1.1 የነበረው 0.3 ሆኗል። "ቀጭ" ብሎ ዝም ማለቱ ጠፍቷል። በቀዝቃዛው አዟዟሩ በግልጽ ፈጠነ። በጣም ከሞቀች ግን አሁንም ያ ማቃሰት አለ፣ ከበፊቱ ይቀንሳል እንጂ አልጠፋም።

#7 ጋሽ_ካቻቢቴ

ጎበዝ። አሁን ሞተሪኖውን ብታወርደው ምክንያት አለህ።

ሲሞቅ ለምን እንደሚያቃስት ልንገርህ። መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይከብደዋል፤ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ተቃውሞው ወደ 40 በመቶ ያድጋል። ሶሌኖይዱም (ከሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) የሞተሪኖው ጥቅልልም መዳብ ነው። መኪናው ሲጠፋ የሚነፍሰው አየር ይቆማል፣ የጭስ ማውጫው ግለት ግን ሞተሪኖው ላይ መውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ከቆመ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ሲነዳ ከነበረው ይበልጥ ይግላል። ጤነኛ ሞተሪኖ ይህን ይችለዋል። ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ያለቀ ወይም ቦኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) የሰፋ ግን አቅም ያጣል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ሞተሩና ጭስ ማውጫው ይቀዝቅዙ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ከሁሉ በፊት። መኪናዋን አንሳና መቆሚያ ላይ አሳርፋት፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ስሯ አትግባ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ግን በየጊዜው ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ስለሆነ እደግመዋለሁ።

ከስር ሆነህ መጀመሪያ ከፊት በኩል ያለውን ደጋፊ ቁራጭ ብረት ፍታ፤ የሞተሪኖውን ኋላ ከብሎኩ ጋር የሚያያይዘው ነው። በብዙ መኪና ላይ ቀድሞ የሰራ ሰው ጥሎት ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ያንተ ላይ ከሌለ ፈልገህ ግጠም። እሱ ሲጎድል ክብደቱ ሁሉ በሁለቱ ብሎኖች ላይ ይወድቃል፣ መንቀጥቀጡ ሲደጋገም የሞተሪኖው አፍንጫ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም የብሎኩ ጆሮ ይሰበራል። ብሎክ ከተሰበረ ጨዋታው ሌላ ነው።

ሽቦዎቹን ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ በየአንዳንዳቸውም ላይ ምልክት እሰር። ትልቁ ብሎን ላይ ወፍራሙ ኬብልና ሌሎች ቀጫጭኖች አሉ። ከትንንሾቹ አንዷ "ኤስ" ናት፣ ሐምራዊ ሽቦ ይመጣላታል፣ ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪክ የምትቀበለው እሷ ናት። ሌላዋ "አር" ናት፣ ቢጫ ሽቦ አላት። ትንንሾቹን ዳዶዎች በጉልበት አትፍታ፤ ብሎኗ ከዳዶው ጋር ከዞረች ውስጥ ያለው ሽቦ ይበጠሳል። ቦታው ለእጅ ካልተመቸህ ሽቦዎቹን ተዋቸውና ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች ፈትተህ ሞተሪኖውን ዝቅ ካደረግክ በኋላ ፍታቸው፤ ያኔ ግን በሽቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሌላ እጅህ ያዘው።

የሁለቱ ብሎኖች ራስ በ9/16 ኢንች ቡሶላ ይፈታል። የውስጠኛው ረጅም ማስረዘሚያ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ብሎን ስታወጣ ፊትህ ከስሩ አይሁን፤ ያ አሮጌ ሞተሪኖ ከ7 ኪሎ በላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ፊት ስበው፣ አፍንጫው ከቮላኖው ሽፋን ሲላቀቅ ነው ወደ ታች የሚመጣው።

ከላዩ፣ ማለትም በሞተሪኖውና በብሎኩ መካከል፣ ስስ የብረት ሉሆች ካሉ ቁጠራቸው፣ አትጣላቸው።

#8 እህት_ካንዴላ

እኔ ያለኝ ዳትሰን 240ዜድ ነው፣ የ1972። ቦታው ሰፋ ያለ ስለሆነ የእናንተን ያህል አያስቸግርም፣ ሞተሪኖው በቀኝ በኩል በካንዴላዎቹ ጎን ነው፣ ካምቢዮው ላይ በሁለት ብሎን ታስሯል። ላካፍላችሁ የፈለግኩት የተካሁበትን ነው። የድሮው በቀጥታ የሚያዞር ነበር፤ በምትኩ የ280ዜድኤክስ ባለ ቅናሽ ጥርስ ሞተሪኖ ገጥሜበታለሁ፣ ምንም ሳይቆረጥ ሳይበሳ ቦታው ላይ ይቀመጣል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው ሲሞቅ ነው። ባለ ቅናሽ ጥርሱ ውስጥ ያለው ትንሹ ሞተር በጣም በፍጥነት ይዞርና በጥርሶቹ በኩል ፍጥነቱን ወደ ጉልበት ይለውጠዋል። አነስተኛ አምፔር ይበቃዋል፣ ክብደቱም ከአሮጌው ያነሰ ነው። ለኮርቬቱም ተመሳሳይ ዓይነት ስላለ አስብበት፣ ከጭስ ማውጫው ጋር ያለው ክፍተትም ይሰፋልሃል።

ስትመርጥ አንድ ነገር አረጋግጥ። የዚህ ሞተር ቮላኖ ሁለት ዓይነት ነው፣ ባለ 153 ጥርስና ባለ 168 ጥርስ። በትንሹ ቮላኖ የሚገጥመው ሞተሪኖ ሁለቱ ብሎኖቹ ትይዩ ናቸው፣ በትልቁ የሚገጥመው ደግሞ አንዱ ከሌላው ወደ ፊት ፈንጠር ያለ ነው። አሮጌውን ስታወርድ የብሎን ቀዳዳዎቹን ብቻ አይተህ ታውቀዋለህ።

#9 ዘይት_እጅ

ሞተሪኖ ምን ያስቀይረዋል? የፎርድ ዓይነት ሶሌኖይድ ከላይ በሞተሩ ክፍል ገጥሞ፣ ወፍራሙን ኬብል በእሱ አሳልፎ፣ ሞተሪኖው ላይ ትልቁን ብሎንና "ኤስ"ን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ሲሞቅ እምቢ የማለት በሽታ በዚህ ይድናል። ብዙ ሰው ሰርቶታል።

#10 ሽቦ_አዋቂ

ዘይት_እጅ፣ የዚህን ዘዴ ጥቅም አልክድም፤ ከቁልፍ እስከ "ኤስ" ባለው ቀጭን መንገድ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ያስቀረዋል። ለቮላኖ72 ግን አልመክረውም።

አንደኛ የሱ ችግር ሶሌኖይዱ አለመሳቡ አይደለም፤ ስቦ ነው የሚያቃስተው። ሁለተኛ፣ እህት_ካንዴላ ያለችውን ባለ ቅናሽ ጥርስ ሞተሪኖ ከገጠመና በጥቅልል ፋንታ ቋሚ ማግኔት ያለው ከሆነ ያ አጭር ሽቦ ጣጣ ያመጣል። ቁልፉ ሲለቀቅ ሞተሪኖው ወዲያው አይቆምም፣ ለትንሽ ጊዜ በራሱ ይዞራል፣ ሲዞር ደግሞ ማግኔት ስላለው እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ኤሌክትሪክ በአጭሩ ሽቦ ተመልሶ "ኤስ"ን ይመግባል። ሶሌኖይዱ አለቅም ይላል፣ ፒኞኑ (ቮላኖውን የሚያዞረው የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ) ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ቮላኖው ላይ ተነክሶ ይቆያል። ውጤቱ ጥርስ መብላት ነው።

"ኤስ"ን ማጠናከር የፈለገ ተራ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ይጠቀም። ሐምራዊው ሽቦ ሪሌውን ይቀስቅስ፣ ሪሌው ከባትሪ በቀጥታ ለ"ኤስ" ይስጥ። ሁለቱን ብሎኖች ማገናኘት አያስፈልግም።

#11 ዘይት_እጅ

የእኔ ላይ ያለው የድሮው ባለ ጥቅልል ሞተሪኖ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ስለ ማግኔቱ ያልከው ግን አሳማኝ ነው። በሪሌ የሚለውን እቀበላለሁ።

#12 ቮላኖ72

ወርዷል። ጭስ ማውጫውን አልነካሁትም። ደጋፊው ቁራጭ ብረት በቦታው ነበር። ብሎኖቹ ፈንጠር ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ ቮላኖው ባለ 168 ነው። በመካከል አንድ ስስ ሉህ ነበረ፣ አስቀምጬዋለሁ።

ሞተሪኖውን ከፍቼ ያየሁት ይህ ነው። ካርቦኖቹ አልቀው መያዣቸው ኮሙተተሩን (ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ክፍል) ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። የአፍንጫው ቦኮላ ሞላላ ሆኗል፣ ዘንጉን በጣቴ ስነቀንቀው ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚሽከረከረው ክፍል አንድ ጎኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት አለ፣ የውስጡ ግድግዳም በዚያው ልክ ተፍቋል። ጋሼ፣ ይህ ሲሞቅ ለሚያቃስተው ምክንያት ሊሆን ይችላል?

#13 ጋሽ_ካቻቢቴ

ራሱ ነው። ቦኮላው ሲሰፋ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ የሚሽከረከረው ክፍል ግድግዳውን እየፈተገ ይዞራል። ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ፍትጊያው ይብሳል። ሞተሪኖው ግማሽ ጉልበቱን ከራሱ ጋር ሲታገል ያጠፋዋል።

ቮላኖውን ሳታይ አትዝጋው። ሞተሩን በእጅ እያዞርክ የኮሮናውን (በቮላኖው ዙሪያ ያለውን ቀለበት) ጥርስ ዙሪያውን ሁሉ ተመልከት። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው በአራት ቦታዎች ላይ ነው፣ ስለዚህ ጥርሱም የሚበላው በእነዚያ አራት ቦታዎች ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ቢሆን ሁለት ቦታ ነበር። አንዱን ጥግ አይተህ "ደህና ነው" አትበል።

የድሮውን ማደስም ይቻላል። ካርቦን፣ ሁለት ቦኮላ፣ ቤንዲክስ (ፒኞኑ ያለበት ክፍል) ተቀይሮለት ኮሙተተሩ በቶርኖ ከተላጠ ሌላ ዘመን ያገለግልሃል። እኔ ብሆን መኪናዋ በፋብሪካው ሁኔታ እንድትቆይ ስለምፈልግ አድሰዋለሁ። ለመንዳት ብቻ ከሆነ የምትፈልጋት ግን እህታችን ያለችው ይሻላል። ምርጫው የአንተ ነው።

#14 ቮላኖ72

የኮሮናው ጥርስ ዙሪያውን ጤነኛ ነው። አሮጌውን አሳድሼ ላስቀምጠው፣ ለአሁኑ ባለ ቅናሽ ጥርሱን ልገጥም ወስኛለሁ።

አዲሷ ሞተሪኖ እጄ ገብታለች፣ ግን አንድ ነገር አላት፦ "አር" የሚባል ብሎን የላትም። "ኤስ" እና ትልቁ ብሎን ብቻ። ቢጫውን ሽቦ የት ላድርገው? ጠቅልዬ ልተወው?

#15 ሽቦ_አዋቂ

አትተወው፣ ያስፈልግሃል። ጥሩ ጊዜ ላይ ጠየቅክ።

ፕላቲን ያላቸው የዚያ ዘመን መኪናዎች ኮይላቸው ሙሉ 12 ቮልት እንዲያገኝ አልተሰራም። ሞተሩ እየሰራ ሳለ ኤሌክትሪኩ በሚቃወም ሽቦ አልፎ ቀንሶ ነው ኮይሉ ጋር የሚደርሰው፣ ፕላቲኑ እንዳይቃጠል። ሞተሪኖው ሲያዞር ግን የባትሪው ቮልት ራሱ ይወርዳል፣ በዚያ ላይ ሲቀነስ ብልጭታው ይደክማል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ብቻ ሙሉው የባትሪ ቮልት በ"አር" እና በቢጫው ሽቦ በኩል በአቋራጭ ለኮይሉ ይሰጣል። እሱ ከሌለ ሞተሩ ቢዞርም ለመነሳት ያስቸግራል፣ በተለይ ብርድ ላይ ወይም ባትሪው ደከም ሲል። ከ1975 ጀምሮ ኤችኢአይ የሚባለው ማቀጣጠያ ስለገባ ከዚያ በኋላ ያሉት ይህ አያስፈልጋቸውም፤ ያንተዋ 1972 ናት።

ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ነው። ከ"ኤስ" ተነስተህ በዳዮድ አሳልፈህ ቢጫው ላይ ግጠም፣ የዳዮዱ ነጭ ቀለበት ወደ ቢጫው፣ ማለትም ወደ ኮይሉ አቅጣጫ ይሁን። ከ6 አምፔር ያላነሰ ይሁን። ያለ ዳዮድ በቀጥታ እንዳታገናኘው፤ ሞተሩ ሲሰራ ከኮይሉ የሚመለስ ኤሌክትሪክ "ኤስ"ን ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ሪሌ ነው። ሐምራዊው ሽቦ ሪሌውን ይቀስቅሰዋል፣ ሪሌው ከባትሪ ለቢጫው ይሰጣል። ዳዮድ ከሚያልፈው ላይ 0.7 ቮልት ገደማ ይቆርጣል፣ ሪሌ ምንም አይቆርጥም።

#16 ቮላኖ72

በሪሌ ሰራሁት። ተገጠመች፣ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ወደ 47 ኒውተን ሜትር (35 ፉት ፓውንድ) አጠበቅኳቸው። አብረዋት የመጡት ብሎኖች አንገታቸው ላይ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ናቸው፣ እነሱኑ ተጠቀምኩ። ሉሁን ሳላስገባ ነው የገጠምኩት፣ የአዲሷ መመሪያ መጀመሪያ ያለ ሉህ ይገጠም ስለሚል።

ሞቃም ቀዝቃዛም ሆና እንደ አዲስ መኪና ታዞራለች። አንድ ድምፅ ግን አለ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁልፉን በምለቅበት ቅጽበት ቀጭን "ዊዊዊ" የሚል ጩኸት ይሰማል፣ ወዲያው ይጠፋል።

#17 ጋሽ_ካቻቢቴ

ብሎኖቹን በትክክል መርጠሃል። ያ ቁርጥ ቁርጥ ያለው አንገት ቀዳዳውን ሞልቶ ሞተሪኖውን በቦታው የሚያማክለው ነው፤ ተራ ብሎን ከተገባበት ሞተሪኖው ይንሸራተታል፣ የፒኞኑ ርቀትም በየጊዜው ይቀያየራል።

ጩኸቱ መቼ እንደሆነ ለይተህ መጻፍህ ሁሉን ነገር ነገረኝ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ሲያዞር ሳለ የሚጮህ ከሆነ ፒኞኑ ከቮላኖው ርቋል ማለት ነው፤ ያኔ ሉህ ይቀነሳል። ከተነሳ በኋላ ቁልፍ ሲለቀቅ ከሆነ ደግሞ ቀርቧል፣ ጥርሱ ጥርሱን እያጣበቀ ነው፤ ሉህ ይጨመራል። ያንተ ሁለተኛው ነው።

በግምት አትጨምር፣ ለካ። ኔጌቲቩን እንደገና ፍታ። የቮላኖውን የታችኛውን ሽፋን አውርድ። በሞተሪኖው አፍንጫ ስር ባለው ክፍተት ካቻቢቴ አስገብተህ ፒኞኑን ወደ ቮላኖው ግፋው፣ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ይግባ። አሁን የአንዱ ጥርስ ጫፍና የሌላው ጥርስ ስር በሚገናኙበት መካከል ቀጭን ሽቦ አስገባ። 0.5 ሚሊ ሜትር (0.020 ኢንች) የሆነ ሽቦ ሳይላላ ሳይጠብቅ መግባት አለበት። ካልገባ አንድ 0.4 ሚሊ ሜትር (0.015 ኢንች) ሉህ ጨምርና እንደገና ለካ።

ቮላኖውን እያዞርክ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ለካ። ኮሮና ፍጹም ክብ አይደለም፤ በጠባቡ ቦታ ላይ የሚበቃው ክፍተት ነው ልክህ።

#18 ቮላኖ72

0.5 ሽቦው በሁለቱ ቦታ በጭንቅ ገባ፣ በሦስተኛው ጭራሽ አልገባም። ከአሮጌው ሞተሪኖ ላይ ያስቀመጥኩት ሉህ 0.4 ሚሊ ሜትር ነበር፣ እሱን አስገባሁ። አሁን በሦስቱም ይገባል። ጩኸቱ ጠፍቷል። ጋሼ፣ ሽቦ_አዋቂ፣ እህት_ካንዴላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

#19 ሁለት_ባትሪ

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የእኔ የ1965 ኤም.ጂ.ቢ ነው፣ ባትሪዎቹ እንደ ኮርቬቱ ከወንበሮቹ ጀርባ ናቸው፣ ግን ሁለት ባለ 6 ቮልት። የእኔም ሲያዞር ደካማ ነው። የሉሁ ጉዳይ እኔንም ይመለከተኛል? ባለ ቅናሽ ጥርስ ብገጥምስ?

#20 ጋሽ_ካቻቢቴ

ሰላም። ሉሁ አይመለከትህም። የ1965ቱ ሞተሪኖ ሶሌኖይድ ከላዩ የለውም፣ ፒኞኑን ወደ ቮላኖው የሚወረውረው ራሱ ዘንጉ በድንገት ሲዞር የሚፈጠረው ኃይል ነው። ሶሌኖይዱ ለብቻው ተቀምጦ ኤሌክትሪክ ብቻ ያሳልፋል። ከ1968 ጀምሮ ነው ሶሌኖይድ ከላዩ ያለው ዓይነት የገባበት። አንተው ጋ ፒኞኑ የሚንሸራተትበት ዘንግ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ዘይትም ግራሶም አትቀባው፤ የፍሪሲዮኑን ብናኝ ይሰበስብና ፒኞኑ ይጣበቃል።

ስታወርደው የዘይት ፊልትሮው በዚያው በቀኝ በኩል ስለሆነ መንገድ ሊዘጋብህ ይችላል፤ የዘይት ቅያሪህ ከደረሰ ሁለቱን ስራ አንድ ላይ አድርገው።

#21 ሽቦ_አዋቂ

ጋሼ ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያያይዘውን አጭር ኬብል ለካ። በፖዘቲቩ መስመር ላይ እንዳለው ሁሉ እሱም ላይ ቮልት ይጠፋል፣ ሰው ግን ይረሳዋል።

ስለ ባለ ቅናሽ ጥርሱ ደግሞ፣ የዚያ ዓመት ኤም.ጂ.ቢ ከፋብሪካ የወጣው ፖዘቲቩ ማሳ ሆኖ ነው። የድሮው ባለ ጥቅልል ሞተሪኖ ፖሎቹ ቢገለበጡም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል፣ ምክንያቱም ማግኔት የሚሆነው ጥቅልልና የሚሽከረከረው ክፍል አብረው ይገለበጣሉ። ባለ ቅናሽ ጥርሱ ቋሚ ማግኔት ያለው ከሆነ ግን ማግኔቱ አይገለበጥም፤ ፖዘቲቭ ማሳ ባለው መኪና ላይ ከገጠምከው ወደ ኋላ ይዞራል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን የባትሪ ክዳን ከፍተህ ወደ ቻሲው የሚሄደው የትኛው ፖል እንደሆነ እይ። ቀድሞ የያዘው ሰው ወደ ኔጌቲቭ ማሳ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። እሱን ካረጋገጥክ በኋላ ለ1962–1967 ቮላኖ የሚሆነውን ጠይቅ፤ ከ1968 ወዲህ ላሉት የተሰራው አይስማማህም።

#22 ሁለት_ባትሪ

አየሁት፣ ፖዘቲቩ ነው ቻሲው ላይ ያለው። የማያያዣው ኬብል ላይ ሲያዞር 0.8 ቮልት አነበብኩ። ከእሱ እጀምራለሁ።